በጦርነት ለተሰዋ የቦምብ ጣይ አውሮፕላን አብራሪ የመታሰቢያ ድንጋይ እንዴት ይቆማል?

ድንጋይ ከመግዛታችሁ በፊት ጽሑፉን ጨርሱ። ማዕረጉን ከመጨረሻ የሹመት ደብዳቤው ወይም ከጡረታ ወረቀቱ አረጋግጡ፤ ዘመድ በቃል የሚያውቀው አንድ ደረጃ ከፍ ወይም ዝቅ ይላል። ቤት ውስጥ ምንም ወረቀት ካልተገኘ ለአየር ኃይል፣ ቢሾፍቱ በጽሑፍ አመልክቱ። የወደቀበት ቀን ከውጭ ጽሑፍ የተገኘ ከሆነ ወደ እኛ ዘመን መልሱት፦ ከፈረንጆች ጃንዋሪ መባቻ እስከ እኛ መስከረም 1 ዋዜማ 8 ዓመት፣ ከዚያ እስከ ዲሴምበር መጨረሻቸው 7 ዓመት ይቀነሳል። የእነሱ ኦክቶበር 1977 የእኛ 1970 ነው እንጂ 1969 አይደለም።

በ1969 እና 1970 የኦጋዴን ጦርነት ከተሰለፉት አውሮፕላኖች መካከል ካንቤራ ቦምብ ጣዩ በአብራሪው ብቻ አይነሳም፤ ናቪጌተር (የበረራ መንገድ መሪ) አብሮት ይበራል። ስለዚህ አብረውት የወደቁትን ስም ከታች አስገቡ። የእነሱም ልጆች አንድ ቀን መጥተው ያነቡታል፤ መዝለል ትልቅ በደል ነው። አስከሬኑ ካልተገኘ ደግሞ «እዚህ አርፏል» አይባልም፤ «ለመታሰቢያ» በሉ።

ቦታውን የአጥቢያው ሰበካ ጉባኤ በደብዳቤ ይፍቀድ። በቃል የተፈቀደ ቦታ አስተዳዳሪ ሲቀየር ያከራክራል። ሟቹ ሙስሊም ከሆነ የቤተሰቡና የመስጊዱ አባቶች ምክር ይቅደም።

60 በ40 ሳንቲሜትር፣ ውፍረቱ 3 የሆነ ግራናይት ይበቃል። እብነ በረድ ቢያምርም በደጋ ዝናብና ውርጭ ፊቱ ይሻክራል። ፊደሉ ከ3 ሳንቲሜትር አይነስ፤ በአንድ መስመር 16 ፊደል ገደማ፣ በጠቅላላው 6 መስመር ይይዛል። ፊደል ሲያንስ የ«ሴ» ቀለበት ይደፈንና «ደምሴ» የነበረው «ደምሲ» ሆኖ ይነበባል። ቀራጩ ከመጀመሩ በፊት ጽሑፉን በትክክለኛ መጠኑ በወረቀት አሳትሙና ሦስት ሰው ለየብቻው ያንብበው። ቀለም ብቻ ሳይሆን ጠልቆ የተቀረጸ ይሁን፤ ቀለሙ በጥቂት ዓመት ሲለቅ ቅርጹ ይቀራል።

ብዙ ድንጋይ የሚበላሸው መሠረቱ ላይ ነው። በሰሜን ሸዋ፣ በጅሩና በእነዋሪ፣ መረሬ የሚባለው ጥቁር አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ጥልቀት የሌለው መሠረት ሁለት ክረምት ሳይሞላው ያዘነብላል። ጥቁሩን አፈር አውጥታችሁ ጠንካራ መሬት እስክትደርሱ ቆፍሩ፤ ከዚያ በድንጋይ ሙሉት። የተቀረጸውን ድንጋይ በሲሚንቶ ብቻ አታጣብቁ፤ በአራቱ ማዕዘን በማይዝግ ብረት ፒን ያዙት። ተራ ብረት ዝጎ ያብጥና ድንጋዩን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። ድንጋዩን የሚያጣብቀው ሙሌት 1 ሲሚንቶ ለ3 አሸዋ ይሁን።

ደብረ ብርሃንና መንዝ ላይ ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ውርጭ ነው፤ ያልደረቀ ሲሚንቶ ከቀዘቀዘ ይፈረፈራል። ጥቅምት ላይ ጨርሱ፤ ካልሆነ ማታ ማታ በጭድና በሸራ ሸፍኑ። ቀን ቀን ውኃ እያጠጣችሁ 7 ቀን ጠብቁት።

የምረቃው ቀን ሙት ዓመቱ ቢሆን ጥሩ ነው። ለፍትሐቱ የክርስትና ስሙን አስቀድማችሁ ለካህናቱ ስጡ፤ በዓለም ስም ጸሎቱ አይደረስም። አብረውት ላለፉትም ስማቸው ይነሣ።

በየዓመቱ በንጹሕ ውኃና በለስላሳ ብሩሽ እጠቡት። በረኪናና አሲድ አይንኩት፤ ሙሌቱን ይጎዳሉ።