«አድሚራል» ሲያጋጥማችሁ የትኛው እንደሆነ እንዴት ትለያላችሁ?

ባሕር ዳር ተቀምጬ ታሪክና ዜና ወደ አማርኛ እተረጉማለሁ። «አድሚራል»ን ብዙ ሰው «የባሕር ኃይል አዛዥ» እያለ ያልፈዋል። ይሄ ያሳስታል። አድሚራል ማዕረግ ነው፤ አዛዥነት ደግሞ ሹመት ነው። አንድ አገር ብዙ አድሚራሎች ሊኖሩት ይችላሉ፤ የባሕር ኃይሉ ዋና አዛዥ ግን አንድ ነው።

መጀመሪያ ከፊቱ ያለውን ቃል እዩ። ከታች ወደ ላይ ሪር አድሚራል፣ ቫይስ አድሚራል፣ ከዚያ ምንም ያልተቀጠለበት አድሚራል ይመጣል። ስሞቹ የመጡት ከመርከቦቹ አሰላለፍ ነው። በሸራ መርከብ ዘመን አድሚራሉ መሐል ይሆናል፣ ምክትሉ ቫይስ አድሚራል ፊት ይመራል፣ ሪር አድሚራል ደግሞ የኋላውን ይይዛል። ከምድር ጦር ጋር ስታስተያዩት ሪር አድሚራል ሜጀር ጄኔራል፣ ቫይስ አድሚራል ሌተናል ጄኔራል፣ አድሚራል ሙሉ ጄኔራል ነው። በ1967 ዓ.ም. ደርግ የረሸናቸው የባሕር ኃይል ምክትል አዛዥ እስክንድር ደስታ ሪር አድሚራል ነበሩ። ስለሳቸው ስትጽፉ «ሪር»ን አትዝለሉት።

ፎቶ ካለ ሥራው ይቀላል። ዳንግላ ያሉት አጎቴ በንጉሡ ጊዜ ምጽዋ ባሕርተኛ ነበሩ። እጅጌ ማንበብ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። «ከሰፊው ጀምሪ፣ ከዚያ ቀጫጭኖቹን ቁጠሪ» ይሉኛል። የነጠላቸውን ጥለት እጃቸው አንጓ ላይ ጠቅልለው ነበር ያሳዩኝ። በእንግሊዝ ባሕር ኃይል ከታች አንድ ሰፊ የወርቅ መስመር አለ። ከሱ በላይ አንድ ቀጭን ካለ ሪር አድሚራል ነው፣ ሁለት ካለ ቫይስ፣ ሦስት ካለ ሙሉ አድሚራል። የላይኛዋ መስመር ቀለበት ትሠራለች። ሰፊዋ ብቻዋን ቀለበት ሠርታ ካያችኋት ግን ሰውየው ከሪር አድሚራል በታች ያለው ኮሞዶር ነው፤ አድሚራል አትበሉት። አሜሪካኖች ጋ ኮከብ ቁጠሩ። እዚያ ባለ አንድ ኮከቡም ባለ ሁለቱም ሪር አድሚራል ስለሚባሉ ቁጥሩን አብራችሁ ጻፉ። አምስት ኮከብ ፍሊት አድሚራል ነው፤ በታሪካቸው አራት ሰዎች ብቻ ናቸው ያገኙት።

ጽሑፉ የቆየ ከሆነ ይሄን ሁሉ ተዉት። ቃሉ የመጣው ከዓረብኛው «አሚር» ነው፤ የሐረር አሚሮች የምንለው ማለት ነው። መጨረሻው ላይ ያለው «አል» እንደ እንግሊዝኛው «ዘ» (the) ያለ የዓረብኛ መስተአምር ነው። በ12ኛው መቶ ዘመን በሲሲሊ ንጉሥ ቤት አሚር የሚባለው ሹም ከመርከብ ሌላ ግብርና ዳኝነትም ይይዝ ነበር። ኮሎምበስና ቫስኮ ዳጋማም አድሚራል ተብለዋል፤ የነሱ ግን ንጉሥ የሰጠው ክብር ነው፣ ኮከብ አይቆጠርበትም። በ1541 እ.ኤ.አ. ግራኝን ሊወጋ ወደ አገራችን የመጣው ክሪስቶፎር ዳጋማ የዚያ አድሚራል ልጅ ነው። አባትና ልጅ እንዳይምታቱባችሁ፤ ልጁ ራሱ አድሚራል አልነበረም።

በድሮ የባሕር ጉዞ ታሪክ ውስጥ መርከብም አድሚራል ይባላል፣ አዛዡ የተሳፈረባት ስለሆነች። «አድሚራሉ ተሰበረ» የሚል ካገኛችሁ ሰው ከመግደላችሁ በፊት በምትተረጉሙት ጽሑፍ ውስጥ ከሱ በላይ ያለውን አንቀጽ አንብቡ። ስለ ነፍሳት የሚያወራ ጽሑፍ ውስጥ ደግሞ ቀዩ አድሚራል ክንፉ ላይ ቀይ መስመር ያለበት ቢራቢሮ ነው።

ስትጽፉ ሙሉ ማዕረጉን ከስሙ ጋር መጀመሪያ ላይ አስቀምጡ፤ ቀጥሎ ስሙ ብቻ ይበቃል። ማዕረጉን ወደ ጄኔራል አትለውጡት። አንባቢ እንዲገባው ከፈለጋችሁ «ከሜጀር ጄኔራል ጋር እኩል» ብላችሁ አንዴ ጨምሩለት።