የጀርመን ሼፐርድ ቡችላን ሥራ እንዴት እናስጀምረው?

የጀርመን ሼፐርድ ቡችላ የሚያሳድግ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚፈልገው ግቢ ጠባቂ ነው። ቡችላው አምስት ወር ገደማ ሲሆነው ጆሮው ይቆማል፣ እግሩ ይረዝማል፣ ባለቤቱም «ጎረመሰ» ብሎ አስፋልት ላይ ያስሮጠዋል። ጉዳቱ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው። ሰውነቱ ይተልቅ እንጂ አጥንቱ ገና አልጠናም። አጥንት የሚረዝመው ጫፉ አካባቢ ባለው ልም አጥንት በኩል ሲሆን፣ ይህ ክፍል በትልልቅ ዝርያዎች ጠንክሮ የሚዘጋው በአብዛኛው ከ12 እስከ 18 ወር ባለው ዕድሜ ነው። ዘሩም በዳሌና በክርን መጋጠሚያ ችግር ይታወቃል። ስለዚህ በመጀመሪያው ዓመት ዋናውን ሥራ ለአፍንጫው ስጡት፤ እግሩ ይቆየው።

ክትባቱን ከእንስሳት ሐኪም ጋር ጨርሱ፤ የፓርቮ (ቡችላን በትውከትና በተቅማጥ የሚገድል በሽታ) እና የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት የግድ ነው። እስከዚያው የመንደር ውሾች የሚውሉበት ቦታ አታውርዱት፤ ግን ዘግታችሁም አታስቀምጡት። እስከ 14 ሳምንት ገደማ ያለው ጊዜ ዓለምን የሚለማመድበት ነው። አቅፋችሁ ወደ በሩ አውጡት፤ ባጃጅ ይይ፣ የቆራሌውን ጩኸት ይስማ፣ ጃንጥላ የያዘ ሰው ይለፍበት። «ሰው ካወቀ አይጠብቅም» የሚለውን አትቀበሉ። ጨለማ ክፍል ያደገ ውሻ ፈሪ ይሆናል፤ ፈሪ ውሻ ደግሞ የቤቱንም ልጅ ሊነክስ ይችላል። በልጅነቱ እየነካኩ ማናደድም እንዲሁ ነው። ጥበቃው በዘሩ ያለ ነገር ነው፤ ሲጎለምስ ይመጣል።

እንቅስቃሴውን በተመለከተ፣ ለስላሳና ትንሽ ወጣ ገባ ያለ መሬት ላይ ሳይታሰር፣ በራሱ ፍጥነት ይንቀሳቀስ። እ.ኤ.አ. በ2012 ኖርዌይ ውስጥ በትልልቅ ዝርያዎች ላይ የተሠራ ጥናት እንዳሳየው፣ እስከ ሦስት ወር ዕድሜያቸው እንዲህ የተንቀሳቀሱ ቡችሎች የዳሌ ችግራቸው ያነሰ ነበር፤ በዚያው ዕድሜ ደረጃ የሚወጡና የሚወርዱት ግን የበለጠ ተጎድተዋል። ፎቅ ቤት ካላችሁ ተሸከሙት። በኮብልስቶን ወይም በአስፋልት ላይ አስሮ ማራመድ አጭር ይሁን፤ ብዙዎች ለእያንዳንዱ የዕድሜው ወር አምስት ደቂቃ ብለው ያሰላሉ። ይህ የልምድ መለኪያ ነው፤ ቡችላው ካዘገመ ሰዓቱን ትታችሁ ተመለሱ። ብስክሌት ማስከተል፣ ኳስ ደጋግሞ ወርውሮ ማስሮጥ፣ ከመኪና ማስዘለል ለዚህ ዕድሜ አይሆኑም። ከበላ በኋላም ቢያንስ አንድ ሰዓት ይረፍ።

አሁን ወደ ዋናው ሥራ፣ ወደ ዱካ መከተል እንምጣ። ብዙ ሰው የሚያበላሸው ይህንኑ ስለሆነ በዝርዝር ልንገራችሁ።

ጠዋት፣ ሣሩ ጤዛ እንደያዘ፣ ቡችላው ሳይበላ ይሁን። የተቀቀለ ጉበት ሽምብራ አሳክላችሁ ክተፉ፤ ቁራጩ ከተለቀ ለማኘክ ይቆምና ዱካውን ይረሳል። ቡችላውን ሌላ ሰው ይያዝላችሁ። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሚሆን ሣር ረጋግጣችሁ አድቅቁና ጉበቱን በትኑበት። የተረገጠ ሣርና የተነካ አፈር ሽታ ከእናንተ ጠረን ጋር ሲደባለቅ ነው ለውሻው ዱካ የሚሆነው። ከዚያ ነፋሱን ከጀርባችሁ አድርጋችሁ፣ እርምጃችሁን አጠጋግታችሁ፣ ቀጥ ብላችሁ 15 እርምጃ ያህል ሂዱ፤ በየኮቴው አንድ አንድ ቁራጭ አስቀምጡ፣ መጨረሻው ላይ ጠቀም ያለ። ስትመለሱ ዱካውን ሳትረግጡ ራቅ ብላችሁ ዙሩ። ነፋሱ ከፊት ከመጣ ቡችላው የመጨረሻውን ምግብ ከሩቅ ያሸትና አንገቱን ቀና አድርጎ ይሮጣል፤ ያን ጊዜ ምንም አልተማረም።

ገመዱን ከአንገቱ ሳይሆን ደረቱ ላይ ከሚታሰረው ማንገቻ ጋር አያይዙ፤ አምስት ሜትር ያህል ይበቃል። የተረገጠው ሣር ላይ አቁሙትና ዝም በሉ። ከባዱ ነገር ይህ ዝምታ ነው። ቡችላው ቀና ብሎ ወዲያ ወዲህ ሲያይ ሰው ይጨነቅና «ፈልግ፣ ፈልግ» እያለ በጣቱ ያሳያል። ቡችላውም ከዚያ ቀን ጀምሮ መሬቱን ትቶ እጅ ማየት ይለምዳል። መስመሩን ከለቀቀ ገመዱን ይዛችሁ ቁሙ፤ አትጎትቱት። ራሱ ተመልሶ ሲያገኘው አንድ እርምጃ ተከተሉት። መጨረሻው ላይ ሲደርስ ያን ጊዜ አመስግኑት።

ይህን ካጠራ በኋላ አንድ ኮቴ ላይ ምግብ ሳታስቀምጡ ዝለሉ፣ ቀጥሎ መስመሩን አጥፉ፣ ቀጥሎ ዱካው ከተረገጠ አሥር ደቂቃ ቆይታችሁ ቡችላውን አስጀምሩ። ሁለት ለውጥ በአንድ ቀን አታድርጉ። ዱካ የተከተለ ቡችላ ሜዳ ላይ ሲቦርቅ ከዋለው እኩል ይደክመዋል፣ መጋጠሚያው ግን አልተጎዳም። የከብት መዋያ ሜዳ ከሆነ ስትመለሱ ጆሮውና ብብቱ ውስጥ መዥገር ፈልጉ።

«ና» እና «ቁጭ» በቤት ውስጥ በየዕለቱ በትንሽ በትንሹ ይለመዳሉ። ቀኑን ሙሉ በሰንሰለት ማሰርን ግን እቃወማለሁ፤ ያልተንቀሳቀሰ ጡንቻ መጋጠሚያን አይደግፍም፣ ሰው ያላየ ውሻም ያገኘውን ሁሉ ይፈራል።

«አጥንቱ ይጠንክር» ብላችሁ ሐኪም ሳያዝ ካልሲየም አትስጡት፤ በትልቅ ዝርያ ቡችላ ላይ ትርፉ የአጥንቱን ዕድገት ያዛባል። አታወፍሩት፤ ጎኑን በእጃችሁ ስትዳስሱ የጎድን አጥንቱ ሊሰማችሁ ይገባል። ከአምስት ወር በኋላ ዛሬ በአንድ እግሩ፣ በሌላ ሳምንት በሌላው ካነከሰ፣ በዚህ ዘር የተለመደ የአጥንት ሕመም ሊሆን ይችላል፤ አሳርፉትና ሐኪም ያሳዩት። ከተኛበት ሲነሳ የሚቸገር ወይም ሲሮጥ የኋላ እግሮቹን አንድ ላይ እንደ ጥንቸል የሚያነሳ ከሆነ ግን ዳሌው ይታይ።

አንድ ዓመት ተኩል ሲሞላው፣ ከተገኘ የዳሌ ራጅ አስነሱት። ደህና ከሆነ ሩጫውን በሣር ላይ ጀምራችሁ፣ በየሳምንቱ በጥቂቱ እያስረዘማችሁ ቀጥሉ።