ኮሌስትሮል ለምን የደም ቅዳ መገንጠያ ላይ ይከማቻል? ምንስ ይደረጋል?

ቅባት የማጀት ቱቦን እንደሚደፍን ኮሌስትሮልም ደም ቅዳን (ደምን ከልብ የሚያወጣውን ቧንቧ) ይደፍናል ሲባል እንሰማለን። እንዲያ ቢሆን ኖሮ ቧንቧው ሁሉ እኩል በተደፈነ ነበር። ኤልዲኤል የተባለው ኮሌስትሮል መላ ሰውነት ይዞራል፤ የሚከማቸው ግን በታወቁ ቦታዎች ነው፦ የአንገት ደም ቅዳ ለሁለት በሚከፈልበት፣ የልብ ደም ቅዳዎች ቅርንጫፍ በሚያወጡበት፣ ከኩላሊት ዝቅ ብሎ ባለው የሆድ ደም ቅዳ።

ምክንያቱ የደሙ አካሄድ ነው። ቀጥ ባለው ክፍል ደም ግድግዳውን እየታከከ ወደ አንድ አቅጣጫ ይፈሳል። የውስጥ ሽፋኑ ሕዋሳት ይህ ፍትጊያ ይስማማቸዋል፤ በፍሰቱ አቅጣጫ ይሰለፋሉ፣ ቧንቧውን የሚያላላ ናይትሪክ ኦክሳይድ ያመነጫሉ። መገንጠያው ላይ ግን ደሙ ይዘገያል፣ በየልብ ምቱ ወደፊትም ወደኋላም ይላል። ሕዋሳቱ ሰልፋቸው ይፈርሳል፣ መጋጠሚያቸው ይላላል፤ ኤልዲኤል ሾልኮ ከሽፋኑ ሥር ይገባል። ሊያጸዱ የሚመጡት ነጭ የደም ሕዋሳት ስብ ጠግበው እዚያው ይቀራሉ። ክምችቱ ግድግዳው ውስጥ ስለሆነ በባዶ ሆድ የሚጠጣ ሎሚና ነጭ ሽንኩርት «አያጥበውም»።

መገንጠያውን መለወጥ አይቻልም። ግፊቱን፣ ፍሰቱንና የኤልዲኤሉን መጠን ግን ይቻላል።

ግፊት ምን ያህል እንደሚጎዳ ደም መልስ፣ ማለትም ደምን ወደ ልብ የሚመልሰው ቧንቧ፣ ያሳየናል። በተፈጥሮ ቦታው ይህ ክምችት አይታይበትም፤ ከእግር ተወስዶ የተደፈነ የልብ ደም ቅዳን ለማለፍ (ባይፓስ) ሲተከል ግን የደም ቅዳን ግፊት ይሸከምና እሱም ይታመማል። ስለዚህ ግፊትዎን ቤት ውስጥ ይለኩ። ከመለካትዎ በፊት 30 ደቂቃ ቡናና ሲጋራ የለም። ጀርባዎን አስደግፈው፣ እግርዎን ሳያነባብሩ 5 ደቂቃ ዝም ብለው ይቀመጡ። የመለኪያው መጠቅለያ በራቁት ክንድ ላይ ይታሰር፤ ክንዱ ጠረጴዛ ላይ፣ በልብ ትክክል ይረፍ። የተንጠለጠለ ክንድም ሆነ የጠበበ መጠቅለያ ቁጥሩን በሐሰት ከፍ ያደርገዋል። ጠዋትና ማታ፣ በ1 ደቂቃ ልዩነት ሁለት ሁለት ጊዜ፣ ለ7 ቀን ይመዝግቡ። የመጀመሪያውን ቀን ትተው የቀሪው አማካይ 135/85 ከደረሰ ወይም ካለፈ መዝገቡን ይዘው ሐኪም ጋ ይሂዱ።

ፍሰቱን የሚያፋጥነው እንቅስቃሴ ነው፦ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ፣ ማውራት እየቻሉ መዝፈን በሚያቅትዎ ፍጥነት መራመድ። ለሰዓታት ሲቀመጡ የእግር ደም ፍሰት ይቀንሳልና በየመሃሉ ይነሱ። ሲራመዱ ደረት የሚጨመድድ ሕመም ከመጣ ያቁሙ፤ በእረፍት ካልተወ በአስቸኳይ ሕክምና ይሂዱ።

ኤልዲኤል ለአብዛኛው ጤነኛ ሰው ከ100 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች፣ ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) ወይም ስትሮክ ለደረሰበት ደግሞ ከ70 በታች ቢሆን ይመረጣል። ቅቤና የሚረጋ የፓልም ዘይት ከፍ ያደርጉታል፤ የኑግ ወይም የሱፍ ዘይት ይሻላል። ስታቲን የተባለው ኮሌስትሮል የሚቀንስ መድኃኒት የታዘዘለት ሰው «ቁጥሩ ወረደ» ብሎ ሲያቆም ቁጥሩ ተመልሶ ይወጣል፤ በጣም የተለመደው ስህተት ይሄ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ፦ የአንገት ዶፕለር (በድምፅ ሞገድ የደምን ፍሰት የሚለካ ምርመራ) ውጤት ላይ የደሙ ፍጥነት ከፍ ብሎ ቢያዩ ደስ አይበልዎ። ደም በጠበበ ቦታ ሲያልፍ ይፈጥናል። ወደ አንጎል በሚሄደው ቅርንጫፍ ከፍተኛው ፍጥነት በሰከንድ ከ125 ሴንቲሜትር ሲያልፍ ቧንቧው ግማሽ ያህሉን ወይም ከዚያ በላይ እንደጠበበ ይጠረጠራል።