ለኳስ ብለህ ድሬ ስትወርድ

የመጀመሪያ ጊዜ ድሬዳዋ የወረድኩት ክለቤን ኢትዮጵያ ቡናን ለማየት ብዬ ነው። ማልያዬን ቦርሳ ውስጥ ከትቼ፣ እዚያ ላለ ጓደኛዬ ደውዬ «ጥላ ያለበት ቦታ ያዝልኝ» ብዬ አዝዤ፣ ሌሊት ተነስቼ ደረስኩ። ስታዲየሙ በር ላይ ሁለት ፍየሎች ብቻ ቆመዋል። ለካ ውድድሩ ከአራት ቀን በፊት ወደ ሌላ ከተማ ተዛውሯል። ጓደኛዬ ደግሞ ኳስ አይከታተልም፤ እሺ ያለኝ ለይሉኝታ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክር ይሄ ነው፦ ትኬት ከመቁረጥህ በፊት መርሐ ግብሩን እይ። (ድሬ ላይ አንቱ ብሎ ነገር ብዙም ስለማይታወቅ እኔም አንተ እያልኩ እቀጥላለሁ፤ አንቺም ያው ነሽ።) ከ2013 ዓ.ም ጀምሮ ፕሪምየር ሊጉ በተመረጡ ከተሞች እየዞረ ነው የሚካሄደው። ክለቦቹ አንድ ከተማ ይሰበሰባሉ፣ ለሳምንታት ይጫወታሉ፣ ከዚያ ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደሚቀጥለው። የመጀመሪያው ዓመት ላይ አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ ነበሩ፤ ከዚያ ወዲህም ድሬ ደጋግማ አስተናግዳለች። ብዙ ሰው ይሄን አሠራር ያማርራል፣ ክለብን ከሜዳውና ከደጋፊው ያራርቃል ይላል፣ እውነቱን ነው። ለመንገደኛ ደጋፊ ግን ሲሳይ ነው። በአንድ ቀን፣ በአንድ ሜዳ፣ ሁለት ጨዋታ ታያለህ። ጠዋት ማኪያቶ የምትጠጣበት ካፌ ውስጥ አጠገብህ የተቀመጠው ልጅ ከሰዓት አጥቂ ሆኖ ታገኘዋለህ።

ሌላው ቀን የመምረጥ ጉዳይ ቁልቢ ነው። ታኅሣሥ 19 አካባቢ ኳስ አለ ብለህ ዘው እንዳትል። የቁልቢ ገብርኤል መንገደኛ አውቶቡሱንም አውሮፕላኑንም አልጋውንም ይይዘዋል። ወይ ከወር በፊት አስይዝ፣ ወይ ቀንህን ቀይር። ሐምሌ 19ም ያው ነው፤ ግን ያኔ ሊጉ አልቋል።

መንገዱ ሦስት ዓይነት ነው። አውሮፕላኑ አንድ ሰዓት ያህል ነው፤ ገንዘብ ካለህ ጨርሰናል። አውቶቡሱ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ሙሉ ቀን ይሄዳል፣ በጭሮና በቁልቢ ተራራ ለተራራ ሲዞር ይቆይና ደንገጎ ላይ ድንገት ቁልቁል ይወርዳል፤ ጃኬትህን የምታወልቀው እዚያ ነው። ባቡሩ ከፉሪ ለቡ ይነሳል፣ በየቀኑ ስለማይሄድ አስቀድመህ ጠይቅ፣ መታወቂያ ያዝ። እኔ ብትጠይቀኝ አንዱን መንገድ በባቡር ሂድ እላለሁ። ወደ ድሬ በባቡር መግባት ሌላ ስሜት አለው፣ ምክንያቱም ከተማዋን የወለዳት ባቡር ነው። ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም ከጅቡቲ መጥቶ እዚህ ሲደርስ ወደ ሐረር ተራራውን መውጣት ከባድ ሆነና እዚሁ ሜዳው ላይ ቀረ፤ ጣቢያው ከተማ ሆነ። መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ነበር የተባለው። ብቻ አዲሱ ጣቢያ ከከተማው ወጣ ያለ ስለሆነ ስትወርድ ባጃጅ ላይ ዋጋ ቀድመህ ተነጋገር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ድሬ የራሷ ሰዓት አላት። ይሄን ካላወቅህ ሁለት ቀን ሙሉ ላብህን እየጠረግህ ትመለሳለህ። ከተማዋ የምትሠራው ከንጋት እስከ እኩለ ቀን ነው። ከ6 ሰዓት በኋላ ሱቁ ይዘጋል፣ ሰው ገሚሱ ይተኛል፣ ገሚሱ በርጫ (ጫት) ይቀመጣል፤ 10 ሰዓት አካባቢ እንደገና ነፍስ ትዘራለች። እኔ የአዲስ አበባ ሰው ነኝ ብዬ በ7 ሰዓት ፎቶ ለማንሳት ወጥቼ የተመለስኩት በአንድ ባጃጅ ሹፌር ምሕረት ነው። «አቦ፣ ማን ሞቶብህ ነው በዚህ ፀሐይ የምትዞረው?» አለኝ። ስለዚህ ጠዋት ዙር፣ ቀትር ላይ ተኛ፣ ከዚያ ወደ ኳስህ።

ጠዋቱን በፈጢራ፣ በዚያ በስሱ ቂጣ፣ ጀምር፣ ወይ በፉል። ከዚያ ከዚራ የሚባለው የድሮ ሰፈር። መንገዱ ቀጥ ያለ፣ ግራና ቀኙ ዛፍ፣ ቤቶቹ ፈረንሳዮቹ የባቡሩን ሥራ ሲመሩ የተሠሩ። አሮጌው የምድር ባቡር ጣቢያ ደጃፍ ላይ ቁም። ጥበቃውን በደንብ አነጋግረው፤ ፈቃድ ካገኘህ ውስጥ ያሉትን ጋራዦችና የድሮ ባቡሮች ታያለህ። ሳትጠይቅ ካሜራ አታውጣ፤ እኔ አውጥቼ ግማሽ ሰዓት «ማነህ፣ ከየት ነህ» ስባል ቆይቻለሁ።

ከዚያ ስለ ጥጥ ማኅበር፣ ስለ ድሮው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ክለብ፣ ጠይቅ። የት ትጠይቃለህ? ሻይ ቤት። ሽበታም ፈልግ። ድሬ የሲሚንቶና የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎቿን ከጣሊያን ወረራ ዘመን ጀምሮ የያዘች የወዝ አደር ከተማ ናት፣ ኳሷም የመጣው ከዚያው ነው። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ክለብ በ1950ዎቹ በተደጋጋሚ የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ሆኗል፤ የአዲስ አበባና የአስመራ ክለቦች ዋንጫውን የራሳቸው ርስት ባደረጉበት ዘመን ማለት ነው። ዛሬ ከተማዋን ሊጉ ላይ የሚወክለው ድሬዳዋ ከተማ ነው፣ ብርቱካናማዎቹ። አሁን ፋብሪካ ፍለጋ ከሄድክ የሚያሳዩህ ኢንዱስትሪ ፓርኩንና በነሐሴ 2014 የተመረቀውን ነፃ የንግድ ቀጠና ነው፤ ያኛው የድሮው ደግሞ በሽማግሌዎቹ አፍ ነው ያለው። መሃል ከተማውም በኮሪደር ልማት እየተቀያየረ ስለሆነ ጓደኛህ ከዓመታት በፊት የነገረህን ምልክት አትመን፣ ሰው ጠይቅ።

የደቻቱን ወንዝ ተሻግረህ መጋላ የሚባለው ሰፈር ግባ። ደቻቱ በበጋ ሲታይ አሸዋ ብቻ ነው፣ ወንዝ ነው ብትባል አታምንም። ግን በ1998 ዓ.ም ሐምሌ መጨረሻ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ገድሏል። ክረምት ላይ ከሄድክ ወንዙ ዳር አትዘናጋ፤ ዝናቡ ከላይ ተራራው ላይ ዘንቦ እዚህ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሊሆን ይችላል። ቀፊራ ገበያ ማዶ ነው። ታይዋን የሚሉት ገበያ ደግሞ ለኤሌክትሮኒክስና ለጫማ ነው። ዋጋ ሲነገርህ አትደንግጥ፣ ግማሹን ጥራ፣ ሳቅ። ካልሳቅክ አይቀንሱልህም።

ስታዲየሙ። ቀድመህ ግባ፤ ጥላ ያለው ቦታ ቶሎ ይሞላል፣ ፀሐዩ በኩል ከተቀመጥክ ደግሞ የመጀመሪያውን አጋማሽ በአንድ ዓይንህ ነው የምታየው። ምርጫ ካለህ የማታውን ጨዋታ ምረጥ። ውሃ፣ ኮፍያ፣ ዝርዝር ብር። ስልክህን የፊት ኪስህ። የአዲስ አበባ ስታዲየምን ካታንጋ፣ ያንን ጯሂ የደጋፊ ቦታ፣ የለመደ ሰው መጀመሪያ ዝም ያለ ሊመስለው ይችላል፣ በተለይ ድሬ የማትጫወትበት ቀን ከሆነ። ብርቱካናማዎቹ የሚጫወቱበትን ቀን ፈልገህ ሂድ። የእንግዳ ክለብ ማልያ ብለብስ ምን ይሉኛል ብለህ አትጨነቅ፤ ይሰድቡሃል፣ ግን ስድቡ የሚያስቅ ነው፣ ሲያልቅም ሻይ ይጋብዙሃል። እኔን «የቡና ልጅ፣ ጀበናህን ረስተህ መጣህ?» እያሉ ዘጠና ደቂቃ ሙሉ ሲጨፍሩብኝ ነበር።

እዚያው ተቀምጠህ አንድ ነገር አስብ። በ1968 ዓ.ም አሥረኛው የአፍሪካ ዋንጫ አገራችን ሲመጣ አንዱ ምድብ የተጫወተው ድሬዳዋ ነው፦ ሞሮኮ፣ ናይጄሪያ፣ ሱዳን፣ ዛየር። ዛየር ያኔ የዋንጫው ባለቤት ናት፣ ከሁለት ዓመት በፊት ዓለም ዋንጫ የሄደች። ከምድቡ ሳታልፍ ቀረች። ሞሮኮ ከዚህ ተነስታ ዋንጫውን ወሰደች። አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ ጨዋታውን ትተው ይሄን ሲያወሩልኝ አንድ ጎል አምልጦኛል፤ አልቆጨኝም።

አልጋን በተመለከተ፣ ክፍሉን ሳታይ አትክፈል። ማየት ማለት አልጋውን አይደለም፤ ቬንቲሌተሩን ወይም ኤሲውን አስነስተህ አምስት ደቂቃ ጠብቅ። እኔ አንዱ ጋር (ስሙን አልጠራም) «ይሠራል» ተብዬ ከፍዬ፣ ለካ የሚሠራው መብራቱ ብቻ ነው፣ ሌሊቱን ፎጣ እያረጠብኩ አሳለፍኩ። አጎበር መኖሩንም እይ፣ ቅባትም ያዝ። በ2011 ክረምት ቺኩንጉንያ የሚባለው የትንኝ በሽታ ከተማውን በሙሉ አልጋ ላይ እንደጣለው የድሬ ሰው እስካሁን ያወራል፤ ያቺ ትንኝ ቀን ነው የምትነክሰው።

በጨዋታዎቹ መሃል ባዶ ቀን ካገኘህ ሐረር አንድ ሰዓት መንገድ ናት። በሚኒባስ ጠዋት ወጥተህ ጀጎልን ዞረህ ከጨለመ በኋላ ጅቡን ካየህ ግን እዚያው እደር፤ ደንገጎን በማታ መውረድ ለኳስ ብሎ የሚሠራ ጀግንነት አይደለም።

ስትመለስ ቤት ላሉት ሙሸበክ፣ ያንን ብርቱካናማ ጣፋጭ፣ ይዘህ ና። በካርቶን አስይዘው፣ በላስቲክ አይሆንም። እኔ በላስቲክ አድርጌ ከማልያዬ ጋር አንድ ቦርሳ ውስጥ ከትቼው፣ አዲስ አበባ ስደርስ ቡናማው ብርቱካናማ ሊሆን ምንም አልቀረውም ነበር።