ሂተሩ ቀዝቃዛ አየር ሲነፋ፦ ዳሽቦርድ ከመፍታታችሁ በፊት ቴርሞስታቱን ፈልጉ

የራዲያተሩ ውሃ ሙሉ መሆኑን፣ የውስጡ ነፊ መስራቱን፣ የሂተሩ ማዞሪያም ቀዩ ጫፍ ላይ መሆኑን አይታችኋል ብለን እንነሳ። ቀጣዩ ምርመራ በእጅ የሚሰራ ነው። መኪናውን ሩብ ሰዓት ያህል ንዱትና ኮፈኑን ክፈቱ። ከሞተሩ ተነስተው ግድግዳውን በስተው ወደ ተሳፋሪው ክፍል የሚገቡ ሁለት የጎማ ቱቦዎች አሉ፤ ጎን ለጎን ናቸው፣ ውፍረታቸውም ከአውራ ጣት ብዙ አይበልጥም። ሁለቱንም ንኩ። እጅጌያችሁ ቺንጊያና ፋን አጠገብ እንዳይንጠለጠል፤ ሞተሩ ጠፍቶም ፋኑ በድንገት ሊነሳ ይችላል።

ሁለቱም እጅ የማያስቀምጡ ትኩስ ከሆኑ ውሃው ደርሷል፣ ጥፋቱ ከዳሽቦርዱ ውስጥ ነው። አንዱ ትኩስ ሌላው ቀዝቃዛ ከሆነ ትንሿ የሂተር ራዲያተር ተደፍናለች፤ በቆዩ ሞዴሎች ላይ ደግሞ የሂተሩ ውሃ መክፈቻ ተጣብቆ ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ለብ ብቻ ካሉ ወደ ራዲያተር የሚሄደውን ውሃ የሚከፍተውና የሚዘጋው ቴርሞስታት ነው። እኛ አገር ጋራዥ ከሚመጡት ብዙዎቹ የዚህ የመጨረሻው ጉዳይ ናቸው።

ሁለቱም ቱቦ ለብ ብሎ የሙቀት ጌጁ ዝቅ ሲል

ሂተር የራሱ እሳት የለውም፤ የሚነፋው ከሞተሩ የተረፈውን ሙቀት ነው። ቴርሞስታቱ ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ ይዘጋል፤ በብዙዎቹ ቶዮታዎች 82 ዲግሪ አካባቢ መከፈት ይጀምራል። ተከፍቶ ከቀረ ወይም ጭራሽ ከሌለ፣ ውሃው ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ በትልቁ ራዲያተር እየዞረ ይቀዘቅዛል። በህዳር ጠዋት ከእንጦጦ ቁልቁል የሚወርድ መኪና እንዲህ ሆኖ ሊሞቅ አይችልም።

የማይኖረው መካኒኮች ነቅለው ስለሚጥሉት ነው። ታሪኩ ሁሌ አንድ ዓይነት ነው። መኪናው ያፈላል። ምክንያቱ የተደፈነ ራዲያተር፣ የማይነሳ ፋን ወይም ላስቲኩ የደረቀ የራዲያተር ክዳን ነው። ክዳኑን ማንም አይጠረጥረውም እንጂ አዲስ አበባ ላይ ክፍት ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ወደ 115 የሚያደርሰው ግፊት አምቆ የሚይዘው ባለ 0.9 ባር ክዳን ነው። እሱን ከመፈተሽ ይልቅ ቴርሞስታቱን ማውጣት ይቀላል። «ለአገራችን አየር አያስፈልግም» ይባላል፣ ጌጁ ይወርዳል፣ ባለመኪናውም አመስግኖ ይሄዳል። ብርዱ ሲገባ ወይም በክረምት መስታወቱ ጉም ሲለብስ ሂተሩን ይከፍታል፤ ቀዝቃዛ ነው። ሌላ ጋራዥ «ትንሿ ራዲያተር ሞታለች» ይለዋል። ዳሽቦርዱ ይፈታል፣ የፕላስቲክ መያዣዎቹ ይሰበራሉ፣ አዲስ ራዲያተር ይገጠማል፣ ቅዝቃዜው ግን እንደነበረ ነው። የተረፈው ኮብልስቶን በተረገጠ ቁጥር የሚንኳኳ ዳሽቦርድ ነው።

ነቃዮቹ የማይናገሩት ሌላም ነገር አለ። ብዙ የቶዮታ ቴርሞስታቶች ከስር ሁለተኛ ክብ ሳህን አላቸው፤ ዋናው ሲከፈት እሷ የውስጡን አቋራጭ መንገድ ትዘጋለች። ቴርሞስታቱ ከተጣለ አቋራጩ እንደተከፈተ ይቀርና ከውሃው ከፊሉ ራዲያተር ሳይነካ ወደ ሞተር ይመለሳል። እንዳያፈላ ተብሎ የተነቀለበት መኪና ጭነት ይዞ የዓባይ በረሃን ዳገት ሲወጣ የሚያፈላው በዚህ ነው። ቀዝቅዞ ሲሄድ ደግሞ ኮምፒውተሩ ሞተሩ ገና አልሞቀም ብሎ ቤንዚን ይጨምራል፤ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ዘይቱም ቶሎ ይበላሻል።

ሳትፈቱ ለማወቅ፣ ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ አስነሱትና የራዲያተሩን የላይኛ ቱቦ በየደቂቃው ንኩ። ደህና ቴርሞስታት ያለው መኪና ላይ ቱቦው ለበርካታ ደቂቃዎች ቀዝቃዛ ሆኖ ይቆይና በኋላ በአንድ ጊዜ ይተኩሳል። ከመጀመሪያው ጀምሮ ቀስ በቀስ የሚሞቅ ከሆነ ወይ የለም ወይ ተከፍቶ ቀርቷል። ጌጅ በሌላቸው ቪትዞች ላይ ሰማያዊዋን መብራት ተመልከቱ፤ ረጅም መንገድ ተነድቶም ካልጠፋች ወይም ቁልቁለት ላይ ተመልሳ ከበራች መልሱ ተገኝቷል። ኮምፒውተር ከተሰካ ፒ0128 የሚለው ኮድ ይህንኑ ነው የሚናገረው። ምርመራውን ክፍት ቦታ አድርጉት፤ በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ሞተር ማስነሳት ይገድላል።

አሮጌ ቴርሞስታት ከሶማሌ ተራ አትግዙ። ሌላ ዕቃ አሮጌ ይገዛል፤ ይህ ግን በውስጡ ባለው ሰም መቅለጥ የሚሰራና ሲያረጅ የሚደክም ነው። አዲሱንም ቢሆን ከመግጠማችሁ በፊት በክር አንጠልጥላችሁ ውሃ ባለበት ድስት ውስጥ ቀቅሉት፤ የድስቱን ጠርዝም ሆነ ታች እንዳይነካ። ቀዝቃዛው ውሃ ውስጥ ጥርቅም ብሎ መዘጋት፣ ከ80 በላይ መከፈት መጀመር አለበት። ሙሉ ለሙሉ አልተከፈተም ብላችሁ ግን አትጣሉት። ለሙሉ መከፈቻው የሚሰጠው ሙቀት ብዙ ጊዜ 95 ዲግሪ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ያለው ድስት ደግሞ እዚያ ሳይደርስ ነው የሚፈላው። በዚህ ብቻ ደህና ዕቃ ቆሻሻ ውስጥ ሲገባ ያሳዝናል።

ለመግጠም ሞተሩ ሙሉ ለሙሉ ይቀዝቅዝ። ትኩስ ሞተር ላይ የራዲያተር ክዳን መክፈት ፊትና ደረት ያቃጥላል፤ ጨርቅ ጣል ማድረግ አያድንም። በቪትዝና በብዙ ኮሮላዎች ላይ ቴርሞስታቱ ያለው የታችኛው የራዲያተር ቱቦ ሞተሩን የሚነካበት ቤት ውስጥ ነው፤ በቁልፍ 10 ይፈታል። የቴርሞስታቱ ሞላ (ስፕሪንጉ) ወደ ሞተር ይዙር፣ ዳር ላይ ያለችው የምትነቃነቅ ትንሽ ፒን ወደ ላይ ትሁን። ፒኗ የታመቀ አየር የሚወጣባት ናት፤ ወደ ታች ከተገጠመች አየሩ ያስቸግራችኋል። ዙሪያውን የሚይዘው የጎማ ቀለበት አዲስ ይሁን። ሲሊኮን አትቀቡ! ወደ ውስጥ የወጣው ትርፍ ሲሊኮን ተቆርጦ ትንሿ ራዲያተር ውስጥ ይሰነቀራል፤ አንዱን ችግር ስትፈቱ ሌላ ትገዛላችሁ።

ትናንሾቹ ቶዮታዎች 5 ሊትር አካባቢ ይይዛሉ፤ ግማሹ ያልተበረዘ ኩላንት፣ ግማሹ የተጣራ ውሃ። የተበረዘ ተብሎ የሚሸጠውን ደግማችሁ አትበርዙ። «አገራችን በረዶ የለም» የሚለው ክርክር አይሰራም፤ ኩላንቱ እዚህ የሚፈለገው ዝገትን ለመከላከል ነው። ገበያ ላይ ቀለም ያለው ውሃ ኩላንት ተብሎ ስለሚሸጥ ከሚታወቅ ቤት ግዙ።

አየሩን ለማስወጣት የመኪናውን አፍንጫ ወደ ዳገት አዙሩ፣ ሂተሩን ቀዩ ጫፍ ላይ አድርጉ፣ ክዳኑን ገና ሞተሩ ሳይነሳ ክፈቱና አስነሱት። የላይኛውን ቱቦ በጓንት እየጨመቃችሁ አረፋው እስኪያቆም ሙሉት። ክዳኑን ዘግታችሁ ንዱ፤ በማግስቱ በቀዝቃዛው የጎደለውን ጨምሩ።

አንዱ ትኩስ፣ ሌላው ቀዝቃዛ

ዓመታት የቧንቧ ውሃ የጠጣች ራዲያተር ናት፤ ወይም ማፍሰሻ ይደፍናል የተባለ ዱቄት ተጨምሮባታል። ዱቄቱ ቀዳዳ አይመርጥም። የሁለቱን ቱቦዎች ቦታ ምልክት አድርጉና ከሞተሩ ክፍል በኩል አውልቋቸው። የተጣበቀ ቱቦ በፒንሳ አትጠምዝዙ፤ ከስር ያለው ስስ የብረት አፍ ይቀደድና እውነትም ዳሽቦርድ መፍታት ይመጣል። ቱቦውን በምላጭ ወደ ርዝመቱ ቀድዳችሁ አዲስ ግዙ።

ውሃውን በመውጫው በኩል፣ በቀስታ ስደዱት። መጀመሪያ የቡና አተላ የመሰለ ነገር ይወጣል። እስኪጠራ ድረስ አቅጣጫውን እየቀያየራችሁ እጠቡ። ካልበቃ 50 ግራም ሲትሪክ አሲድ በ1 ሊትር ለብ ያለ ውሃ በጥብጡ፣ ሞልታችሁ ግማሽ ሰዓት ተዉት፣ ከዚያ ብዙ ውሃ አሳልፉ። የባትሪ አሲድና የሽንት ቤት ማጽጃ አሉሚኒየም ይበላሉ። የኮምፕረሰር አየርም ሙሉ ግፊቱን ከለቀቃችሁበት ራዲያተሯን ይቀድዳታል። ምንጣፉ ከረጠበ ወይም መስታወቱ ላይ ጣፋጭ ሽታ ያለው ቅባት ከታየ ግን እጥበት አይረዳም፤ ትቀየር።

ሌሎቹ

ነዳጅ ስትረግጡ ሞቆ ቆማችሁ ሲቀዘቅዝ ውሃ ጎድሏል ወይም አየር ገብቷል። ሞልታችሁት በሳምንቱ ከተመለሰና ማጠራቀሚያው ውስጥ አረፋ ካለ የቴስታታ ጋርኒሲዮን (በሞተሩ ራስና በብሎኩ መካከል ያለው መዝጊያ) ነው፤ አትንዱት።

ሁለቱ ቱቦዎች ግድግዳው ውስጥ ሳይገቡ በአንድ ቁራጭ ተገናኝተው ካገኛችሁ አንድ ሰው የምታፈሰዋን ራዲያተር ቆርጦ ትቷታል። ቱቦም ቀዳዳም ከሌለ ለሙቅ አገር ያለ ሂተር የተሰራ መኪና ነው።

በኤሌክትሪክ መኪና ላይ ማሞቂያው በከፍተኛ ቮልቴጅ ስለሚሰራ ይህ ጽሑፍ እሱን አይመለከትም፤ ብርቱካናማ ሽቦ አትንኩ።

ሁለቱም ቱቦ ትኩስ ሆኖ አየሩ ከቀዘቀዘ ደግሞ በእግር ቦታው በኩል ጎንበስ ብላችሁ ሌላ ሰው ማዞሪያውን ያዙር። ማዞሪያው የሚስበው ገመድ ሄዶ የአየር መክደኛዋን የምታዞረው ክንድ ካልተከተለች ገመዱ ከመያዣው ወጥቷል፤ በጣት ይመለሳል። ክንዷ ዞራ «ጧ» የሚል የመክደኛ ድምፅ ካልተሰማ ከውስጥ ያለው ፕላስቲክ ተሰብሯል፤ ያኔ ዳሽቦርድ መፍታት ይገባል።