ከጅማ ሆኖ ለላቲን የምደባ ፈተና መዘጋጀት

የመካከለኛውን ዘመን ታሪክ፣ ፍልስፍና ወይም የጥንት ጽሑፎችን ለማጥናት ውጭ አገር ማስተርስ ወይም ፒኤችዲ የሚጀምር ሰው ብዙ ጊዜ ገና ከመግባቱ የላቲን ፈተና ይጠብቀዋል። ግዕዝ ለሚያጠናም ላቲን አይቀርለትም፤ ጀርመናዊው የግዕዝ ምሁር ዲልማን በ1865 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ትልቁ የግዕዝ መዝገበ ቃላት ፍቺው በላቲን ነው።

ፈተናው ከቦታ ቦታ ቢለያይም ዋናው ሥራ ከዚህ በፊት ያላያችሁትን ስድ ንባብና ግጥም በተወሰነ ሰዓት ወደ እንግሊዝኛ መመለስ ነው። መዝገበ ቃላት ይፈቀድ እንደሆነና ጽሑፎቹ ከየትኛው ዘመን እንደሚወሰዱ ቀደም ብላችሁ የትምህርት ክፍሉን በኢሜይል ጠይቁ። ያለፉ ዓመታት ፈተናዎችንም ለምኑ።

ሰው የሚወድቀው በአብዛኛው የቃሉን መጨረሻ ሳያይ ስለሚገምት ነው። ምሳሌው ጅማ ጓሮ ውስጥ አለ፦ የቡና ሳይንሳዊ ስም ኮፌያ አራቢካ፣ የእንሰት ኤንሴቴ ቬንትሪኮሱም ነው። የመጀመሪያው ስም አንስታይ ስለሆነ ቅጽሉ በ«አ» ያልቃል፤ ሁለተኛው ወንዴም ሴቴም ስላልሆነ በ«ኡም» ያልቃል። ግጥም ላይ ስምና ቅጽል አራት አምስት ቃል ተራርቀው ይቀመጣሉ፤ የሚያገናኛቸው ይህ መድረሻ ብቻ ነው።

አማርኛ እዚህ ላይ ትልቅ ስንቅ ነው። ላቲን ብዙ ጊዜ ግሱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል፤ እኛም ግስን እስከ መጨረሻ መጠበቅ ልማዳችን ነው። ሬክስ «ንጉሥ» ከሆነ ሬጌም «ንጉሥን» ነው። «ዲኪት ሬጌም ቬኒሴ» በእኛ «ንጉሡ መምጣቱን (ሌላ ሰው) ይናገራል» ነው፤ «ኡርቤ ካፕታ» ደግሞ «ከተማይቱ ተይዛ»፣ ቦዝ አንቀጻችን ልክክ ይላል። የተደራጊ መልክ ይዘው የአድራጊ ትርጉም ያላቸው እንደ ሎኩዊቱር («ይናገራል») እና ሴኩዊቱር («ይከተላል») ያሉ ግሶችም ሊያስደነግጡን አይገባም፤ «ተናገረ» እና «ተከተለ» በ«ተ» ጀምረው የሚያደርጉ እንጂ የሚደረግባቸው አይደሉም። ስለዚህ ዓረፍተ ነገሩን በልባችሁ በአማርኛ ፍቱት፣ ወረቀቱ ላይ እንግሊዝኛውን ጻፉ።

«ኩም» የሚለው ቃል ግን ያታልላል። አብላቲቭ በሚባለው መድረሻ (እንደ «ኡርቤ») ካለቀ ስም ጋር «ከ... ጋር» ነው፤ ግስ ሲከተለው «በ... ጊዜ»፣ «ስለ» ወይም «ምንም እንኳ» ይሆናል። ግሱን ሳታገኙ አትተርጉሙት።

ሰዋስው አንድ ጊዜ ለተማረ ሰው 12 ሳምንት ይበቃል። አምስቱን ለዕርባታ፣ አምስቱን በየቀኑ 150 ቃል ለመተርጎም፣ ሁለቱን በሰዓት ለተያዘ ልምምድ ስጡ። መብራትና ኢንተርኔት ስለሚቋረጥ ጽሑፎቹን አትማችሁ ያዙ። ዊታከርስ ዎርድስ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ሆኖም መጀመሪያ ራሳችሁ ሞክሩ። የላቲን መጽሐፍ ቅዱስ ጥሩ መለማመጃ ነው፤ የዮሐንስን ወንጌል በቃል ስለምናውቅ ግን ከሩት ጀምሩ። ጦቢትን ከአማርኛው ጋር አታመሳክሩ፤ የላቲኑ ቅጂ ራሱ ይለያል።

የመካከለኛው ዘመን ጽሑፍ ከሆነ «አኤታስ» «ኤታስ» ተብሎ ይጻፋል። በ«ኤ» ፈልጋችሁ ያጣችሁትን ቃል በ«አኤ» ፈልጉ።

ፈተናው ሦስት ሰዓት፣ ሁለት ስድ ንባብና አንድ ግጥም ቢሆን፣ 10 ደቂቃ ግሶችን አስምሩ፤ ለእያንዳንዱ ስድ ንባብ 60፣ ለግጥሙ 40 ደቂቃ ስጡ። ያልገባችሁን ሐረግ ቃል በቃል መልሱት፤ ባዶ አትተዉ፣ የሌለ ታሪክም አትጨምሩ። በመጨረሻው 10 ደቂቃ የእያንዳንዱን ግስ ጊዜ፣ መደብና ቁጥር ብቻ አረጋግጡ።