በወርክሾፕ የቆየ የኤሌክትሪክ መስመር መኪና ቻርጅ ማድረግ እንዴት ይቻላል?

ወርክሾፕ ያለው ሰው የኤሌክትሪክ መኪና ሲገዛ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው የብየዳ ማሽኑ በሚሰካበት ትልቅ ሶኬት ላይ ነው። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። ችግሩ፣ ብየዳ ትንሽ ተሠርቶ ማሽኑ ያርፋል፤ መኪና ግን ሌሊቱን ሙሉ ያለ ዕረፍት ይስባል። ስለዚህ የሶኬቱን ትልቅነትም ሆነ ብሬከሩ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ትታችሁ በግድግዳው ውስጥ ያለፈውን ሽቦ ውፍረት አጣሩ።

ሥራው ከብሬከር ሳጥኑ ይጀምራል። ዋናውን አጥፉና ኤሌክትሪክ አለመኖሩን በቴስተር አረጋግጡ። ዋናው ጠፍቶም ከቆጣሪ የሚመጣው ገመድ ኤሌክትሪክ አለው፤ ልምዱ ከሌላችሁ ሳጥኑን ሳትከፍቱ ኤሌክትሪሺያን ጥሩ። የሽቦው መጠን አብዛኛውን ጊዜ ሽፋኑ ላይ ተጽፎ ይገኛል። እንደ መነሻ፣ ባለ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር የመዳብ ሽቦ 16 አምፔር፣ ባለ 6 ደግሞ 32 አምፔር ለረጅም ሰዓት ይችላል። በአንድ ቱቦ ከሌሎች ሽቦዎች ጋር ታጭቆ ከሆነ ግን ቀንሱለት። አሉሚኒየም ከሆነም እነዚህን ቁጥሮች እርሷቸው።

የብየዳ መስመር አንድ ወጥመድ አለው። ማሽኑ እያረፈ ስለሚሠራ፣ በአንዳንድ አገሮች ደንብ ከሽቦው አቅም በላይ የሆነ ብሬከር ይፈቀድለታል። ባለ 50 አምፔር ብሬከር አይቶ በዚያው ልክ ቻርጀር ያስገጠመ ሰው፣ ብሬከሩ ሳይወርድ ሽቦው ሌሊቱን ሲግል ያድርበታል። ብሬከሩን በሽቦው ልክ ቀይሩት።

ሶኬቱን ደግሞ እዩት። ባለ 4 እግር የሦስት ፌዝ ሶኬት ሦስት ፌዝ (ኤሌክትሪኩን የሚያመጡ ሽቦዎች) እና የመሬት መስመር እንጂ ኒውትራል (የመመለሻ ሽቦ) የለውም። ፌዝና ኒውትራል መካከል 230 ቮልት ባለበት መስመር፣ በሁለት ፌዝ መካከል 400 ቮልት አለ፤ ለ230 የተሠራ ቻርጀር እዚያ ላይ ይቃጠላል። የመሬት መስመሩን እንደ ኒውትራል መጠቀም ደግሞ መኪናውን የሚነካውን ሰው ሕይወት መቆመር ነው። ኒውትራል ይሳብለት።

ብዙ ሰው ንቆ የሚያልፈው የብሎኖቹን ጉዳይ ነው። ሶኬት ውስጥ የላላ ብሎን 0.1 ኦም ብቻ ቢጨምር፣ በ16 አምፔር 26 ዋት ገደማ ሙቀት ጣት በምታህል ቦታ ላይ ይፈጠራል። አምፔሩ በእጥፍ ወደ 32 ሲያድግ ሙቀቱ አራት እጥፍ ነው፤ ያን ጊዜ ሶኬቱ ይቀልጣል። ማሽን ሲሠራ የኖረበት ሶኬት በንዝረትና በብረት ብናኝ ስለሚጎዳ፣ እኔ ብሆን አሮጌውን ነቅዬ አዲስ እገጥማለሁ። ኤክስቴንሽን ግን በጭራሽ።

አሁን አምፔሩን ምረጡ። በ230 ቮልት 10 አምፔር 2.3 ኪሎዋት ነው፤ በ10 ሰዓት 23 ኪሎዋት ሰዓት ይሞላል። ብክነቱ ተቀንሶ እንኳ ለብዙ መኪና 100 ኪሎሜትር ገደማ ይበቃል። ለዕለት መንገድ ይህ ከበቃችሁ ለ32 አምፔር ብላችሁ ግድግዳ አታፍርሱ። መስመሩ በ30 ሚሊአምፔር ፍሳሽ (ከሽቦው ወደ መሬት ወይም ወደ ሰው የሚያመልጥ ኤሌክትሪክ) የሚያቋርጥ መከላከያ ያስፈልገዋል። የቀጥታ ጅረት (ዲሲ) ፍሳሽን የሚለይ መሣሪያ ቻርጀሩ ውስጥ መኖሩንም መመሪያው ላይ አጣሩ።

የመጀመሪያውን ቀን ማታ ሳይሆን ነቅታችሁ ባላችሁበት ሰዓት ሰክታችሁ ሞክሩ። ከአንድ ሰዓት በኋላ የሶኬቱን ፊትና የብሬከሩን ውጫዊ ገጽ በእጃችሁ ጀርባ ንኩ። ለብ ማለቱ ችግር የለውም፤ እጅ የማያስቆም ከሆነ ንቀሉትና ምክንያቱን ፈልጉ።

ማሽኖቹና መኪናው በአንድ ላይ ዋናውን ብሬከር የሚያወርዱት ከሆነ፣ ወይ ማሽኑን ወይ መኪናውን ብቻ የሚያበራ መቀያየሪያ ማብሪያ መሃል ላይ ይግባ። የአምፔሩን ጣሪያ ደግሞ ከመኪናው ስክሪን ይልቅ ቻርጀሩ ላይ ወስኑት፤ የእንግዳ መኪና ቢሰካም ከዚያ በላይ መሳብ አይችልም።